ባላምባራስ ዘይት ሲቀይሩ

በየከተማው አንዱ አይጠፋም። ልብስ ሰፊ ሊለካው ሲመጣ ሜትሩን ተቀብሎ ራሱን በራሱ የሚለካ፣ አናጢ ቤቱን ሲከድንለት ከመሰላሉ አስወርዶ እሱ የሚወጣ፣ ሐኪም መርፌ ሊወጋው ሲል «ቆይ፣ ከዚህ ዝቅ ብትል ይሻላል» ብሎ ቦታ የሚያሳይ ሰው። የማያውቁት ቋጣሪ ይሉታል። ቋጣሪ እንኳ አይደለም። ደግሶ ያበላል፣ ለቤተ ክርስቲያን ጃንጥላ ይገዛል፣ ለተቸገረ እህል ይሰፍራል። ብቻ የእሱ የሆነ ነገር በሌላ ሰው እጅ ሲገላበጥ ቆሞ ማየት አይሆንለትም። እንዲህ ያለው ሰው መኪና የገዛ ዕለት ወዮለት ለመካኒኩ።

ፍኖተ ሰላም ላይ ይህ ሰው ክቡር ባላምባራስ ገብረሰንበት ነበሩ። ወዮ የተባለለት መካኒክ ደግሞ እንዳለው።

እንዳለው ሙያውን የተማረው ደብረ ማርቆስ ነው፤ ከጦርነቱ በኋላ አገሩ መግባት ካላሰኘው አንድ ጣሊያናዊ ሥር ሰባት ዓመት ሙሉ በጀርባው ተኝቶ። ሲበቃው ወደ ትውልድ አገሩ ተመለሰና ከመኪናው መንገድ ዳር ባለ ሦስት ግድግዳ የቆርቆሮ ጋራዥ ተከለ። አራተኛው ግድግዳ መኪና መግቢያ ነው። ቃል የማያበዛ፣ ሥራውን የሚወድ፣ ሞተር ሲነሣ ዓይኑን ጨፍኖ የሚያዳምጥ ሰው ነበር።

ባላምባራስ ደግሞ በጉልምስናቸው ከሽንዲ እስከ ማርቆስ በበቅሎ እህል ያመላለሱ ነጋዴ ናቸው። የበቅሎዎቻቸውን ኮርቻ ራሳቸው ይሰፉ ነበር፤ የጀርባቸውን ቁስል ራሳቸው ያጥቡ ነበር። በ1959 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣች አረንጓዴ ላንድሮቨር ገዝተው ከባሕር ዳር እየነዱ ሲገቡ፣ ከተማው ግልብጥ ብሎ ወጥቶ እልል አለላቸው። እሳቸውም በመስኮት እጃቸውን አውጥተው የመኪናዋን በር ቸብ ቸብ ያደርጉ ነበር፤ ሩቅ መንገድ ደክማ የገባች በቅሎ አንገት እንደሚዳበስ።

ከወር በኋላ እንዳለው ጋራዥ በር ላይ አቁመው ወረዱ። ተነፋነፍ ሱሪ፣ ካኪ ኮት፣ ከላይ ጋቢ ለብሰዋል።

«እንዳለው፣ ዘይቷ መቀየር አለበት አሉኝ።»

«አዎን ጌታዬ። ይቀመጡ፣ ይረፉ። ሲያልቅ እጠራዎታለሁ።»

«የለም፣ እኔ እዚሁ እቆማለሁ።»

ግን አልቆሙም። ጋቢያቸውን አውልቀው አሮጌ ጎማ ላይ አኖሩ፤ ተንበረከኩ፤ ቀጥለው በሆዳቸው ተኙ። እንዳለው ከመኪናዋ ሥር ሆኖ ዞር ሲል የባላምባራስን ነጭ ጢም ከአፍንጫው አንድ ስንዝር ርቆ አገኘው።

«አሁን ምን እያደረግህ ነው?»

«ቡሎኑን እየፈታሁ ነው።»

«ቀጥሎስ?»

«አሮጌው ይፈሳል።»

«ከዚያስ?»

«ቡሎኑን መልሼ አጠብቃለሁ፤ አዲሱን ከላይ እሞላለሁ።»

ባላምባራስ አንገታቸውን አሰገጉ። ከቡሎኑ የሚወርደውን ጥቁር ዘይት አዩ፤ እንዳለውን አዩ።

«በቃ?»

«በቃ ጌታዬ።»

«ይህን ለመማር ነው ሰባት ዓመት ማርቆስ የከረምኸው?»

እንዳለው ቡሎኑን መልሶ አጠበቀ። ባላምባራስ የተጠየቁትን ከፍለው፣ ጉርሻም ጨምረው፣ ጋቢያቸውን አራገፉና «እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። ከእንግዲህ እኔው እበቃለሁ» ብለው ሄዱ።

«እኔው እበቃለሁ» ማለት ለሳቸው የቃል ጌጥ አይደለም። በሳምንቱ ጓሯቸው ውስጥ፣ ከኩሽናው ጎን፣ ሁለት ቆፋሪዎች ረዘም ያለ ጉድጓድ ቆፈሩ። መኪናዋ በላዩ ትቆማለች፤ እሳቸው ከሥር ይገባሉ፤ እንደ እንዳለው በጀርባ መተኛት የለ። ጉድጓዱ ወርዱም ቁመቱም ልክ እንደ መቃብር ነው። ጎረቤታቸው እሜቴ ካሰች በአጥር ቀዳዳ አይተውት ኖሮ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየጮሁ ደረሱ።

«ምነው ሳንሰማ! ምነው ሳይነገረን! ማን ነው?»

የባላምባራስ ባለቤት ወይዘሮ እህተ ማርያም ደንግጠው ወጡ። «ኧረ ማንም አልሞተ እሜቴ። ለመኪናዋ ነው።»

እሜቴ ካሰች እንባቸውን ጠረጉ። «መኪናዋ ሞተች?»

ከዚያ ወዲህ ዘይት የሚቀየርበት ቀን በዚያ ግቢ የታወቀ ቀን ሆነ። ባላምባራስ አሮጌ ኮታቸውን ለብሰው ጉድጓድ ይገባሉ። ወይዘሮ እህተ ማርያም ኮፈኑ አጠገብ ይቆማሉ፤ የዘይቱን መለኪያ ዘንግ መዝዞ «ከመስመሩ ደርሷል» ብሎ መናገር የሳቸው ሥራ ነው። «ሃያ ሁለት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ሽንኩርት ልጠው አያውቁም» ይሉ ነበር ለጎረቤት። «ለዚች ግን ይኸው ጉድጓድ ይወርዱላታል።»

አሮጌው ዘይት አይደፋም። ምስጥ ያስቸገረው ገበሬ ሁሉ ቅልና ጣሳ ይዞ ይመጣል፤ ባላምባራስ እንደ ጠበል ያድላሉ። የአጥር እንጨት ይቀባል፣ የጎተራ እግር ይቀባል። በሁለት ዓመት ውስጥ የዚያ ሰፈር በርና ማገር ሁሉ ጠቆረ። የባላምባራስም ጥፍር ጠቆረ፤ በሳሙና ቢሉት፣ በአመድ ቢሉት አልለቅ አለ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ ሲወጡ የቅኔው መምህር የኔታ ክንፈሚካኤል ሰላም ሊሏቸው እጃቸውን ያዙና፣ ዓይናቸው ደከም ያለ ስለሆነ አስጠግተው አዩት።

«ገብረሰንበት፣» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ «ከመቼ ወዲህ ነው አንተ ቅባት የሆንኸው?»

በጎጃም ቅባትና ተዋሕዶ ተብሎ ስንት ዘመን ክርክር እንደነበረ የሚያውቅ የደጀ ሰላሙ ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። ባላምባራስም ሳቁ። እጃቸውን ግን አልደበቁም። እንዲያውም ከፍ አድርገው አሳዩት።

ይህ ሁሉ እንዳለውን ባልነካው ነበር። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሰው ለብቻው በቅቶ አይቀመጥም፤ ሌላውንም ያበቃል። የትምህርት ቤቱ መምህር ደረሰ ቮልስዋገን ነበረችው፤ ባላምባራስ ወደ ጉድጓዳቸው ጠርተው አስተማሩት። ከዚያ ደግሞ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት መጣ። በማኅበር ላይ ሰው ተሰብስቦ ሲጫወት ባላምባራስ እንዲህ ሲሉ ተሰሙ፦

«እንዳለው ጨዋ ልጅ ነው፣ አልጠላውም። ግን ቡሎን መፍታት ምን ክህነት ይጠይቃል?»

ቃሉ ሳይውል ሳያድር ጋራዡ ደረሰ። እንዳለውን የከነከነው የገበያው መቀነስ አልነበረም። የጭነት መኪኖቹ ይበቁታል። የከነከነው ሰባት ዓመቱ ነው። ክረምት ከበጋ በብርድ ስሚንቶ ላይ ተኝቶ የተማረው ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር አንድ ቡሎን ሆኖ ቀረ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው ስለ ሥራው ሲያነሣበት «ሥራዬ እኮ ቡሎን ነው» እያለ በምሬት ይስቅ ጀመር።

ባላምባራስ ምንም እንዳስቀየሙ አያውቁም። ባለፉ ቁጥር መኪናዋን ቀስ አድርገው፣ በመስኮት ብቅ ብለው «እንዳለው ልጄ፣ ሥራ እንዴት ነው?» ይሉታል።

«እርስዎ እያሉ ምን ሥራ አለ ጌታዬ!» ይላል እንዳለው ጎንበስ ብሎ።

ባላምባራስ ምስጋና መስሏቸው ፈገግ ብለው ያልፋሉ። እንዳለውም እንደ ልቡ ተናግሮ ሳይሰማበት በመቅረቱ ትንሽ ይቀልለዋል።

በ1961 ዓ.ም. ጥር ላይ የኔታ ክንፈሚካኤል እግራቸው አበጠ። መድኃኒቱም መታሻውም አልበጅ ሲላቸው፣ ቅኔ ወደተቀኙበት ወደ ግሽ ዓባይ ሄደው ለአቡነ ዘርዓ ብሩክ ንግሥ ሊደርሱ፣ ከጠበሉም ሊጠጡ ተመኙ። በበቅሎ እንዳይሄዱ ኮርቻ ላይ መቀመጥ አቅቷቸዋል። ባላምባራስ ይህን ሲሰሙ ቤታቸው ድረስ ሄደው ጉልበት ሳሙ።

«የኔታ፣ ሰው አያስቸግሩ። እኔው አደርስዎታለሁ።»

በመሄጃቸው ዋዜማ፣ ፀሐይ ሳታዘቀዝቅ፣ ለመንገዱ ብለው ዘይት ቀየሩ። አንድ ነገር ብቻ እንደወትሮው አልነበረም። በማለዳ ለመውጣት እንዲመች መኪናዋን አዙረው፣ አፍንጫዋን ወደ ግቢው በር አድርገው ነበር ጉድጓዱ ላይ ያቆሟት። ባላምባራስ ደግሞ ቡሎናቸውን የሚያውቁት በቦታው ነው፤ ከኩሽናው በኩል ሲገቡ መጀመሪያ የሚያገኙት እሱ ነው። በዚያን ዕለትም ከኩሽናው በኩል ገቡ፤ መጀመሪያ ያገኙትን ፈቱ፤ ወረደ። የወረደው ዘይት ጥቁር አልነበረም። እንደ ማር ወፍራምና ብሩህ ነበር።

«እህተ ማርያም! ነይ እይ!» ብለው ተጣሩ ከጉድጓዱ። «ሞተር ሲያዝ እንዲህ ነው! ሦስት ወር ተነድቶ ዘይቱ አልጠቆረም!»

ከላይ አዲሱን ዘይት ሞሉ። ወይዘሮ እህተ ማርያም መለኪያውን መዝዘው «ከመስመሩ እጅግ በልጧል» አሉ።

«ይብለጥ፤ መንገዱ ሩቅ ነው» አሉ ባላምባራስ።

በማግሥቱ ማለዳ ላንድሮቨሯ በጋራዡ ፊት አለፈች። የኔታ በነጭ ተጠቅልለው ከፊት ተቀምጠዋል፤ ከኋላ ሁለት ካህናትና አንድ ዲያቆን አሉ። ባላምባራስ አዲስ ኩታ ደርበው በመስኮት እጃቸውን አነሡ። እንዳለውም እጅ ነሣ። ሲያልፉ ግን ከጭስ ማውጫዋ ሰማያዊ ጭስ ሲትጎለጎል አየ። «ምን ነካት?» አለ ለራሱ። ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ሞተሩ አፍኖታል፤ ከሞተሩ ሥር ደግሞ አንድ ቀጭን ድምፅ አለ።

ቆሞ ሲያስብ እሜቴ ካሰች በእጃቸው ቅል ይዘው ከተፍ አሉ። የጎተራቸውን እግር ሊቀቡ ነው።

«አየኸው እንዳለው? የባላምባራስን ዘይት አየኸው? ማር ነው እኮ! ብቻ ሽታው ክፉ ነው።»

እንዳለው ቅሉን ተቀብሎ አሸተተ። የተበላሸ እንቁላል የመሰለ ሽታ ነው። በጣቱ ነካው፤ ወፍራም ነው። ይህን ሽታ የማያውቅ መካኒክ የለም፤ የሞተር ዘይት አይደለም፣ የካንቢዮ ዘይት ነው። ባላምባራስ የካንቢዮውን ቡሎን ፈትተው የማርሾቹን ዘይት አፍስሰዋል፤ አዲሱን ደግሞ ሞልቶ በነበረው ሞተር ላይ ደግመው ሞልተዋል። መኪናዋ ማርሿ ደርቆ፣ ሞተሯ ጠግቦ ነው የወጣችው።

እንዳለው ቅሉን መለሰላቸውና አሮጌው ጎማ ላይ ቁጭ አለ።

ማንም ባያየውም አንድ ፈገግታ ፊቱ ላይ መጣች። ከቡሬ ሳይደርሱ ማርሾቹ ይንጫጫሉ። ከዚያ ይነክሳሉ። ከዚያ ሁሉም ሰው፣ ማኅበርተኛው ሁሉ፣ መምህር ደረሰም፣ የወፍጮ ቤቱም ሰውዬ፣ ቡሎን መፍታት ምን እንደሚጠይቅ ይማራል። እንዳለው አንድ ቃል መናገር አያስፈልገውም። ቁጭ ማለት ብቻ ነው። ሁለት ዓመት ሲጠብቀው የነበረ ቀን በራሱ እግር መጣለት።

ትንሽ ተቀመጠ። ከዚያ በነጭ የተጠቀለሉት የኔታ ትዝ አሉት፤ ያበጠ እግራቸው፣ በረሃ ላይ ከቆመች መኪና አጠገብ። ከዚያ ደግሞ፣ ይህን ያሰበበት ቀን ባይኖርም፣ የባላምባራስ እጅ በመስኮት ስትነሣ ትዝ አለችው። ሰውየው ደስ ብሏቸው ነበር የሄዱት። እንደዚያ ደስ ብሎት የሚሄድ ሰው የሚያውቀው ጥቂት ነው።

«ኧረ የእግዜር ያለህ» አለና ተነሣ። አንድ ጣሳ የካንቢዮ ዘይት፣ ሁለት የቡሎን መፍቻ፣ አንድ ባዶ ጣሳ ያዘ። አሞሌ ጨው ጭኖ ወደ ቡሬ የሚያዘግም ኤንትሬ የጭነት መኪና አስቁሞ ጭነቱ ላይ ወጣ።

ማንኩሳ ላይ አገኛቸው። ቅዳሜ ነበርና ገበያ ቆሟል። ላንድሮቨሯ ከመንገዱ ዳር ተገትራለች፤ ዙሪያዋን ሰው ከብቧታል። ባላምባራስ ኮፈኑን ከፍተው ሞተሩን አፍጥጠው ያያሉ፤ ላባቸው ይወርዳል። የኔታ ወንበራቸው ላይ ዓይናቸውን ጨፍነው ይጸልያሉ።

እንዳለው ከጭነቱ ላይ ዘሎ ሲወርድ ባላምባራስ ቀና አሉ። መጀመሪያ ደስ አላቸው። ቀጥሎ በእጁ የያዘውን ጣሳ አዩ፤ ፊታቸው ተለወጠ። አዋቂ ሰው ናቸው፤ ሳይጠራ ዘይት ይዞ የመጣ መካኒክ ምን ማለት እንደሆነ ገባቸው።

«ምን ሆና ነው? ምን ሆና ነው?» አለ ገበያተኛው።

እንዳለው መለኪያውን መዘዘ፤ ዘይቱ ከመስመሩ ሦስት ጣት አልፏል። ጎንበስ ብሎ ካንቢዮውን ዳሰሰ፤ እጁን መልሶ ሳበ፤ ያቃጥላል። ቀና ሲል ሃምሳ ሰው አፉን አፉን ያየዋል። አንድ ቃል ብቻ ቢናገር ማታ ፍኖተ ሰላም ይደርሳል፤ ነገ ደግሞ ቡሬ።

«መንገዱ ነው» አለ እንዳለው። «አቧራው ነው፤ አፍኗት ነው።»

እንዳለው ኮቱን አውልቆ በጀርባው ሲገባ፣ ባላምባራስም ተንበረከኩና አዲሱን ኩታቸውን እንደደረቡ፣ በአቧራው ላይ ተንፏቅቀው ከአጠገቡ ገቡ። ሕዝቡ እግራቸውን ብቻ ያያል።

«የቱ ነበር?» አሉ በሹክሹክታ።

እንዳለው በጣቱ አሳያቸው። «ይህ የሞተሩ ነው። ይኸኛው የካንቢዮው።»

«ይመሳሰላሉ።»

«ይመሳሰላሉ ጌታዬ።»

«ትናንት አዙሬ አቁሜያት ነበር።»

«ገባኝ።»

ከበላያቸው የሞቀው ብረት ቀጭ ቀጭ ይላል።

«አንተ ተሳስተህ ታውቃለህ?»

«አንድ ጊዜ። ማርቆስ ሳለሁ። ጣሊያኑ በመፍቻ ጀርባ ጉልበቴን መታኝ፤ ከዚያ ወዲህ አልተሳሳትሁም።»

«እንግዲያስ ምታኝ» አሉ ባላምባራስ።

እንዳለው ቀልድ መስሎት ሊስቅ ዞረ። እየሳቁ አልነበረም። ጉልበታቸውን ወደ እሱ አስጠግተዋል፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ኧረ ይተዉ ጌታዬ፣ ምን ነካዎት!»

«የኔታን ገደል ልከታቸው ነበር። ቁልቁለት ላይ ማርሽ ብትከለክለኝ ምን ይውጠኝ ነበር?»

«አልከለከለችዎትም። ደርሻለሁ። ይልቅ ጣሳውን ይያዙልኝ።»

ባላምባራስ ጣሳውን ያዙ። እንዳለው የሞተሩን ትርፍ ዘይት አፈሰሰ፤ ካንቢዮውን አብርዶ ወፍራሙን ዘይት ሞላ። ጸጥ ብሎ የሚሠራውን እጁን ባላምባራስ ከቅርብ አዩ፤ በዚህ ጊዜ «ቀጥሎስ?» አላሉም። ካንቢዮው ዘይቱን የሚቀበልበትን፣ መሙላቱ በምን እንደሚታወቅ፣ ከካንቢዮው በተንጠባጠበው ጥቂት ዘይት ውስጥ የብረት ቅርፊት መኖር አለመኖሩን በሁለት ጣቱ ሲፈትሽ ሁሉንም አዩ።

ወጥተው ሲቆሙ የባላምባራስ ኩታ ከአንገቱ እስከ ጥለቱ ጠቁሯል። የኔታ ዓይናቸውን ገለጡ።

«ምን ተገኘ እንዳለው?»

«አቧራው ነው የኔታ፣ መንገዱ…»

«መንገዱ ምን አደረገ?» አሉ ባላምባራስ ድንገት። ድምፃቸው ማኅበር ላይ ሲናገሩ የሚሰማው ያ ትልቅ ድምፅ ነበር። «እኔ ነኝ የኔታ። የማይፈታውን ቡሎን ፈትቼ የማይፈሰውን ዘይት ያፈሰስሁት እኔ ነኝ። ይህ ልጅ ሳልጠራው ባይደርስ ኖሮ በሜዳ አስቀርቼዎት ነበር። ማንኩሳ ይስማ፤ ፍኖተ ሰላምም ሲደርስ ይሰማል።»

እንዳለው ወዴት እንደሚያይ ጠፋው። የሁለት ዓመት ቂሙ እዚያው መንገድ ዳር ወጥቶ ሲሄድበት ተሰማው፤ ደስ እንኳ አላለውም፣ አፈረ።

የኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አርባ ዓመት ቅኔ ሳስተምር» አሉ፣ «‹የቅኔውን ቤት ያፈረስሁት እኔ ነኝ› ብሎ የተነሣ ተማሪ አልገጠመኝም። ሁሉም መምህሩን ያማል። አሁን በመኪና ተገኘ። በሉ እንሂድ፤ ንግሡ አይጠብቀንም።»

«አንተም አብረኸን ና» አሉ ባላምባራስ እንዳለውን። ወጣና ከካህናቱ መሀል ተቀመጠ። ጢሊሊ ላይ ተገንጥለው፣ የሰከላን መንገድ በአቧራ ይዘው፣ ከቀትር በኋላ፣ ንግሡ ሳያልፍ፣ ግሽ ዓባይ ገቡ። የኔታ እዚያ ሰነበቱ፤ እብጠቱ ጎደለላቸው። ለፋሲካ ሲመለሱ በበቅሎ መጡ። በመኪና ለምን አልመጡም ቢሏቸው «በቅሎ ካንቢዮ የላትም» አሉ።

እንግዲህ ከዚህ በኋላ ባላምባራስ ለዘይት ወደ ጋራዡ የሚመላለሱ ደምበኛ ሆኑ ብላችሁ ትጠብቁ ይሆናል። ከተማውም እንደዚያ ጠብቆ ነበር። እንዲህ ያለውን ሰው አታውቁትም ማለት ነው። መምህር ደረሰና የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ እውነትም ወደ እንዳለው ተመለሱ፤ ባላምባራስ ራሳቸው አዘው መለሷቸው። እሳቸው ግን በሦስተኛው ወር አሮጌ ኮታቸውን ለብሰው ጉድጓዳቸው ገቡ። የተለወጠው ነገር አንድ ነው፦ ቀድመው ወደ ጋራዡ ሰው ይልካሉ። «እንዳለው ይምጣና ከላይ ይቁም። እንዳይነካ። ይየኝ ብቻ።»

እንዳለውም ሥራውን ጥሎ ይሄዳል። ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጢጥ ይላል።

«ይህ ነው?» ይላሉ ከሥር።

«እሱ ነው ጌታዬ።»

«አውቀዋለሁ፤ ልፈትንህ ብዬ ነው።»

ደምበኞቹ እያስጠበቃቸው ሲሄድ ያጉረመርማሉ። እንዳለውም አብሯቸው ያጉረመርማል፤ «ምን ላድርግ፣ ሽማግሌ ናቸው» ይላል፣ «ግማሽ ቀኔን እኮ ነው የሚበሉት!» ይላል፤ እጁን እየታጠበ፣ የተሻለውን ሸሚዙን እየለበሰ።

በ1962 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ወባ ባላምባራስን ጣላቸው። ሁለት ሳምንት አልጋ ላይ ዋሉ፤ ሰውነታቸው አለቀ፤ ሰው ሹክ ሹክ ማለት ጀመረ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ወይዘሮ እህተ ማርያም ራሳቸው በእግራቸው ጋራዡ ድረስ መጡ። ከነጠላቸው ጫፍ የተቋጠረ ነገር ፈትተው እንዳለው እጅ ላይ አኖሩ። የላንድሮቨሯ ቁልፍ ነው።

«‹ጊዜው አልፏል፣ እንዳለው ይቀይርልኝ› ብለዋል» አሉ። ቀጥለው ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዞሩ። «እንዲህ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም።»

እንዳለው ከሳቸው ጋር ሄደ። ጓሮ ገብቶ ኮፈኑን ከፈተ፤ መለኪያውን መዝዞ በጨርቅ ጠረገ፤ ደግሞ ከትቶ መዘዘው። ዘይቱ እንደ ቅጥራን ጠቁሮ ነበር። ጊዜው ካለፈ ቆይቷል። ሥራው የግማሽ ሰዓት ነው፤ የቡሎን መፍቻውም ዘይቱም እዚያው አሉ። ዘንጉን ይዞ ረጅም ጊዜ ቆመ። ከዚያ ወደ ቦታው መለሰው፤ ኮፈኑን ከደነ፤ እጁን ታጥቦ ወደ ቤት ገባ።

ባላምባራስ ትራስ ተደግፈው ተኝተዋል። ፊታቸው ቢጫ ነው።

«ቀየርህ?»

«አልቀየርሁም። ገና ነው ጌታዬ።»

«ምን ማለት ነው ገና ነው?»

«አየሁት። ንጹሕ ነው። አንድ ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ እስከዚያ እርስዎ ይነሣሉ። ቁልፉን እዚህ ራስጌዎ ላይ አድርጌዋለሁ።»

ባላምባራስ የመኪናዋን ዘይት ዕድሜ ከልጆቻቸው ልደት አስበልጠው የሚያውቁ ሰው ናቸው። ትክ ብለው አዩት። እንዳለው ዓይኑን ሳይሰብር ቆመ። ሽማግሌው ወደ ግድግዳው ዞረው ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ሳቡ።

«ውሸታም» አሉ ከጋቢው ውስጥ። ትንሽ ቆይተው ደግሞ፣ «እህተ ማርያም! ለዚህ ልጅ የሚበላ ነገር አቅርቢለት። ለእኔም ትንሽ ጨምሪልኝ።»